ከሸክላ እስከ ቤት ውስጥ ቀረፃ፦ የሻካራ ድምፅ ታሪክ

ከአሶሳ በስተ ደቡብ የምትገኘው ቶንጎ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ከተማ ናት። በአካባቢዋ ማኦኛ፣ ኮሞኛ፣ በርታኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ይዘፈንባቸዋልም። ዛሬ በእንዲህ ያለች ከተማ የሚኖር ወጣት አንድ ዜማ ለመቅረፅ የግድ ወደ አዲስ አበባ መጓዝ አያሻውም። አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንዲት ጠባብ ክፍል ይበቁታል። ይሁን እንጂ የተቀረፀው ተመልሶ ሲደመጥ፣ በደጃፍ ሲሰማ ልብ ይነካ የነበረው ድምፅ ጆሮ የሚፍቅ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ጊዜ ፍርዱ የሚወድቀው በዜመኛው ላይ ነው፤ «ድምፁ ሻካራ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ለመሆኑ ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? ለጥያቄው ከሁሉ የተሻለውን መልስ የሚሰጠን የድምፅ ቀረፃ ታሪክ ራሱ ነው። ታሪኩን በጥሞና የመረመረ ሰው ሻካራነት ሁለት ዓይነት መሆኑን ይረዳል። አንደኛው የዜመኛው ነው፤ ጥበቡም ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የመሣሪያውና የክፍሉ ነው፤ ይኸኛው ጉድለት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ኤዲሰን ፎኖግራፍን የሠራው በ1877 ነበር። መሣሪያው ብዙም ሳይቆይ ከአገራችን ቤተ መንግሥት ደረሰ። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፅዋን በሰም ላይ ቀርፃ ላከች፤ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም በዚያው መንገድ ድምፃቸውን ቀርፀው መለሱ። በ1910 ግድም ደግሞ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዜማዎቻቸውን በሸክላ አስቀረፁ። በዚያ ዘመን ማይክሮፎን አልነበረም። ዜመኛው በትልቅ ቀንድ መሰል መለከት ውስጥ ይጮኻል፤ የድምፁ ኃይል ስስ ገበታ ያንቀጠቅጣል፤ ገበታው ደግሞ መርፌውን ይነዳል። መለከቱ ይቀበል የነበረው ከ250 እስከ 2,500 ሄርዝ ግድም ያለውን ድምፅ ብቻ ነበር። የሰ እና የሸ ፉጨት አብዛኛው ከዚህ በላይ ስለሆነ ከሸክላው ላይ አይገኝም። ዜመኛው ቀረብ ብሎ በኃይል ሲጮህ ደግሞ መርፌው ከአቅሙ በላይ ይነዳና ድምፁ ይሰነጠቃል። ስለዚህም ከፍ ባለው የዜማ ክፍል ላይ ጥቂት ወደ ኋላ መሸሽ የዘመኑ ዜመኞች ዐቢይ ትምህርት ነበር። ርቀት የመጀመሪያው መድኃኒት መሆኑ የታወቀው እንግዲህ ያኔ ነው።

በ1925 የኤሌክትሪክ ቀረፃ ለገበያ ሲበቃ ማይክሮፎን መለከቱን ተካ። በአገራችን የዚህ ዘመን ዐቢይ ፍሬ የታየው በ1969 ዐምሃ እሸቴ በስሙ የሚጠራውን የሸክላ ማሳተሚያ ባቋቋመ ጊዜ ነው። ባንዱና ድምፃዊው በአንድነት እየተጫወቱ በቴፕ ይቀረፃሉ፤ ሸክላው በመጀመሪያ በህንድ፣ ኋላም በሊባኖስ ይታተም ነበር። ቴፑ ባሕር ከተሻገረ በኋላ ዜማውን እንደገና ማቃናት አይቻልም። ስለሆነም ማይክሮፎኑ የት ይቁም፣ የነሐስ መሣሪያዎቹ ከዘፋኙ ምን ያህል ይራቁ የሚለው ጥያቄ ከቀረፃው በፊት መልስ ማግኘት ነበረበት።

ከእነዚህ ሸክላዎች አንድ ቁም ነገር እንማራለን። አለማየሁ እሸቴ ድምፁን አሻክሮ እሪ ሲል ማንም ቅር አልተሰኘም፤ እንዲያውም የተወደደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ይህ ሻካራነት የጉሮሮው፣ የስሜቱና የዘመኑ መንፈስ ነው። ይህን «አስተካክላለሁ» የሚል ሰው ቢነሣ ኖሮ የሚያጠፋው ጉድለትን ሳይሆን ጥበብን በሆነ ነበር።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት የሸክላን ቦታ ወሰደ። ካሴት ሙዚቃን ወደ ገጠር ከተሞች ሁሉ አዳረሰ፤ ይህ ታላቅ ውለታው ነው። ነገር ግን ቴፑ በሴኮንድ የሚጓዘው ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፤ የስቱዲዮ ቴፕ ግን ብዙውን ጊዜ 38 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። በዚህ ላይ ከቅጂ ቅጂ ሲወጣ ሽሽታው እየበዛ፣ የድምፁ ጥራት እየደበዘዘ ሄደ።

አሁን ወዳለንበት ዘመን ስንመጣ ችግሩ መልኩን ለውጧል። ቴፕ ከአቅሙ በላይ ድምፅ ሲገባበት ቀስ በቀስ ይጨናነቃል እንጂ ባንዴ አይሰበርም። ዲጂታል ቀረፃ ግን ወሰኑ ሲታለፍ የሞገዱን ጫፍ እንደ ቢላ ይቆርጠዋል። ብዙዎቹ ርካሽ ማይክሮፎኖችም ከፍተኛውን ድምፅ አጉልተው እንዲቀበሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። የሰው ጆሮ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚነቃው ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ባለው ድምፅ ላይ ስለሆነ፣ በዚያ አካባቢ ጥቂት ሲጎላ ብዙ ያውካል።

ክፍሉም የራሱ ድርሻ አለው። ሣር ክዳን ያለው ጎጆ ድምፅን ይውጣል። የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የሲሚንቶ ሊሾና ባዶ ግድግዳ ግን ድምፁን መልሰው ወደ ማይክሮፎኑ ይወረውሩታል። የመጀመሪያውና የተወረወረው ድምፅ ሲገናኙ በአንዳንዱ ቦታ ይጠናከራሉ፤ በሌላው ቦታ ይጣፋሉ። ከዚህ የሚወለደው ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚል ድምፅ ከተቀረፀ በኋላ በቀላሉ አይወገድም።

እንግዲህ መፍትሔው ሥርዓት ባለው ቅደም ተከተል መፈለግ አለበት። በመጀመሪያ ደረጃ ክፍሉ ይታሰብ፦ ከዜመኛው ጀርባና ግራ ቀኝ ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ይሰቀል፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ። በሁለተኛ ደረጃ ርቀቱ ይስተካከል፦ ከማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር ያህል መራቅ፣ ፊትንም በቀጥታ ከመደቀን ጥቂት ወደ ጎን ማዘንበል የሰ እና የሸን ፉጨት ያለዝባል። በሦስተኛ ደረጃ መጠኑ ይቀነስ፦ ከፍተኛው ጩኸት ከዲጂታሉ ወሰን ቢያንስ 6 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቀረፅ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ሻካራነቱ ካልለቀቀ ብቻ ወደ ኮምፒዩተሩ ማስተካከያ ይኬዳል። ያን ጊዜም በ2,000 እና በ5,000 ሄርዝ መካከል የሚያውከውን ጠባብ ስፍራ ፈልጎ 2 ወይም 3 ዴሲቤል መቀነስ እንጂ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ መቁረጥ አይገባም።

ለምን አይገባም? ምክንያቱ ከውበት ያለፈ ነው። አማርኛ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ እና ጸ የተባሉ ፈንጂ ድምፆች እንዳሉት ሁሉ፣ የቶንጎ አካባቢ ቋንቋዎችም ፈንጂ ድምፆች አሏቸው። እነዚህ ድምፆች ከጎረቤቶቻቸው ተለይተው የሚታወቁት በአፍታ በሚፈነዳው ከፍተኛ ድምፅ ነው። ያን ክፍል የቆረጠ ሰው ለጆሮ የለሰለሰ፣ ለቃል ግን የደበዘዘ ዜማ ያስቀራል። እንደ ማኦኛ ያለ ተናጋሪው ጥቂት የሆነ ቋንቋ ደግሞ በመጽሐፍ የሰፈረለት እጅግ አነስተኛ ነው። አንዲት አሮጊት የምታዜመው እንጉርጉሮ ለነገው ተማሪ ብቸኛው ምስክር ሊሆን ይችላል። ምስክሩ ቃሉን ውጦ ከቀረበ ምን ይረባል?

ከመለከቱ ዘመን እስከ ኮምፒዩተሩ ዘመን ድረስ መሣሪያው ተለዋውጧል፤ ቁም ነገሩ ግን አልተለወጠም። መምህራንና ከያንያን በቤታቸውም ሆነ በትምህርት ቤት የሚቀርፁትን ድምፅ መልሰው ሲሰሙ፣ «ዜመኛዋ ሻካራ ናት» ከማለታቸው በፊት ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው፣ ወደ ግድግዳውና ወደ ማይክሮፎኑ ያንሡ። የመሣሪያውን ጉድለት ለመሣሪያው፣ የዜመኛዋን ሻካራነት ለዜመኛዋ መስጠት ይገባል። የመጀመሪያው ይታረም፤ ሁለተኛው ግን እንዳለ ለልጅ ልጅ ይተላለፍ።