ዜና ቤተ መቄዶንያ፥ በነታንያ ባሕር ዳር የተጻፈ

ይህ የመቄዶንያ ቤት ዜና ነው። የተጻፈውም በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር፥ ከገደሉ በላይ በተሠራችው በነታንያ ከተማ ነው። የተጻፈበትም ምክንያት እንዲህ ነው።

በ2017 ዓ.ም.፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ በወርኃ የካቲት የኢትዮጵያ ልጅ በየተበተነበት አገር ስልኩን ከፍቶ አንድ ሥርጭት ሲከታተል ሰነበተ። ሰይፉ ፋንታሁን በዩቲዩብ ቻናሉ በቀጥታ የሚያስተላልፈው የመቄዶንያ የእርዳታ ጥሪ ነበር። የሰጪው ስም ይጠራል፥ የሰጠው ብር ይነገራል፥ እልልታው ይቀልጣል። እኔም ከጎረቤቴ፥ ከአንዲት የቋራ ተወላጅ እናት ጋር ተቀምጬ እሰማ ነበር። እርሷ በኦሪት፥ እኔ በክርስትና ያደግን ነን። ጆሮዋን አቅንታ ብዙ ከቆየች በኋላ፥ «ልጄ፥ ይቺ መቄዶንያ የምትሏት የት ያለች አገር ናት?» አለችኝ።

«አገርም ናት፥ ቤትም ናት፥ እማዬ። ነገሯ ረዥም ነው» አልኋት።

«እንግዲያው ከሥሩ ጀምረህ ንገረኝ። ከመካከል የተጀመረ ወሬ አይገባኝም።»

እኔም ከሥሩ ጀመርሁ። የነገርኋትን ነው እዚህ የጻፍሁት፥ የረሳሁትንም ኋላ ጨመርሁበት።

አስቀድሞ የተቀመጥንባትን ከተማ ነገር መናገር ይገባል። ነታንያ በየካቲት 1921 ዓ.ም.፥ በፈረንጆቹ 1929፥ በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ተቈረቈረች። የቈረቈሯትም ብኔ ብንያሚን የሚባሉ ማኅበርተኞች ናቸው፤ ትርጓሜውም የብንያም ልጆች ማለት ነው። ስሟን ያወጡላት በናታን ስትራውስ ነው። ናታን በጀርመን አገር ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሻገረ አይሁዳዊ ነበር፤ በኒው ዮርክም በንግድ ከበረ። እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ ገንዘብ ጠፍቶ ሠራተኛው ሥራ ፈት በሆነ ጊዜ፥ ይህ ሰው በ5 ሳንቲም አልጋና ቁርስ የሚገኝባቸውን ማደሪያዎች ከፈተ፤ በእነዚያም ማደሪያዎች 64,000 ሰው ተጠለለ። ከሰሉንም በርካሽ ሸጠ፥ መክፈል ላቃተው በነጻ ሰጠ። የድሆች ልጆች በተበላሸ ወተት ሲረግፉ አይቶ፥ በሙቀት የጸዳ ወተት የሚታደልባቸውን ጣቢያዎች አቆመ። የነታንያ መሥራቾች ስሙን ሲሰጧት ገንዘብ ይረዳናል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር ይባላል፤ እርሱ ግን ሀብቱን አስቀድሞ ሰጥቶ ጨርሶ ነበር። በእኔ ሚዛን ለከተማይቱ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም፤ ቤት ለሌለው ሰው ማደሪያ በከፈተ ሰው ስም ትጠራለችና። አሥራ አራት ሺህ ያህል ቤተ እስራኤላውያን በግንቦት 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወደዚህ አገር በተሻገሩ ጊዜ፥ ሻንጣ እንኳ ያልያዘ ሰው ብዙ ነበር። ከእነርሱና ከእነርሱ በፊት ከመጡት ወገኖች ብዙዎች ኋላ ነታንያን ቤታቸው አደረጓት።

አሁን ከከተማይቱ ወደ መቄዶንያ ነገር የሚወስደውን መንገድ እንያዝ። ነታንያ ያለችው በኢዮጴና በቂሣርያ መካከል ነው። ዛሬ መኪናው የሚከንፍበትን ይህን የባሕር ዳር አገር ሐዋርያው ጴጥሮስ ከኢዮጴ ወደ ቂሣርያ ሲሄድ አልፎበታል፤ በተነሣበትና በደረሰበት ቀን መካከል አንድ ሌሊት አድሯል። ከኢዮጴ የተነሣው ጣቢታን ካስነሣ በኋላ ነው። ጣቢታ ባል ለሞተባቸው ሴቶች ልብስ ትሰፋ ነበር፤ በሞተች ጊዜም ሴቶቹ እያለቀሱ የሰፋችላቸውን ቀሚስ ለጴጥሮስ አሳዩት። በቂሣርያ የጠበቀው ቆርኔሌዎስ ደግሞ የሮም መቶ አለቃ ሆኖ ምጽዋቱ የበዛ ሰው ነበር። እንግዲህ የክርስቲያን ቸርነት ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎቹ ጥቂቶቹን የተራመደው በደጃችን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ጳውሎስም በጢሮአዳ ሳለ በሌሊት ራእይ አየ፤ አንድ የመቄዶንያ ሰው ቆሞ ተሻግሮ እንዲረዳቸው ይለምነው ነበር። እርሱም ሳይውል ሳያድር ባሕሩን ተሻገረ። መቄዶንያ ማለት ይህች በግሪክ ወገን ያለች አገር ናት። በዚያም በፊልጵስዩስ ከተማ ልድያ የምትባል የሐምራዊ ሐር ሻጭ አመነች፤ ተጠምቃ ስታበቃ ያደረገችው ነገር እንግዶቹን ቤቷ ገብተው እንዲኖሩ ግድ ማለት ነበር። ሊረዳ የተሻገረው ሰው ራሱ በመቄዶንያ ማደሪያ አገኘ። ጳውሎስ ኋላ እስረኛ ሆኖ ሁለት ዓመት የተቀመጠው በቂሣርያ ነው፥ ከኛ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል መንገድ።

በዚህችው ቂሣርያ ጳጳስ የነበረው አውሳብዮስ በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ እንደጻፈው፥ በመክሲሚኖስ ዳያ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ312 እና በ313 ገደማ፥ ረኃብና ቸነፈር በአንድነት በወረዱ ጊዜ፥ ድውዩን ያስታመሙ፥ የሞተውን የቀበሩ፥ የተራበውንም ሰብስበው እንጀራ ያደሉ፥ ጥቂት አስቀድሞ በዚያው ንጉሥ ሲሳደዱ የነበሩት ክርስቲያኖች ነበሩ። ከዚያም ስልሳ ዓመት ያህል አልፎ፥ በሌላይቱ ቂሣርያ፥ በቀጰዶቅያ፥ ታላቁ ባስልዮስ ለድሀው፥ ለመንገደኛው፥ ለለምጻሙ ማደሪያና ማከሚያ ያለው ሰፈር ሠራ። ይህ ባስልዮስ ከአሥራ አራቱ ቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ የሚጠራለት ነው። ካህናቱ ቅዳሴውን ያውቁታል፤ ሰፈሩን ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው፥ ይህም ያሳዝነኛል።

በሀገራችንስ? በሀገራችን ለድሀው ደጀ ሰላም ነበረለት። ሰንበቴው፥ ተዝካሩ፥ የማኅበሩ ጽዋ የኔ ቢጤን ሳያበላ አይፈጸምም። የአእምሮ ሕመምተኛውንም ዘመዱ ወደ ጠበል ይወስደዋል። ይህን ሥርዓት የሚንቅ ሰው ካለ ስንት ነፍስ ያቆየ መሆኑን አያውቅም። ነገር ግን እውነቱ ይነገር፤ ሥርዓቱ ያበላ ነበር እንጂ አያሳድርም ነበር። ከበላ በኋላ ሽማግሌው የሚመለሰው ወደ አጥሩ ሥር፥ ወደ ዝናቡ ነበር። ከተማው እየሰፋ፥ ዘመድ ከዘመድ እየራቀ ሲሄድ አጥሩም ጠበበ።

እ.ኤ.አ. በ1973፥ በአፄ ኃይለ ሥላሴ መጨረሻ ዘመን፥ ማዘር ቴሬዛ እህቶቿን ወደ አዲስ አበባ አመጣች። ዘመኑ የወሎ ረኃብ ዘመን ነበር። እህቶቹም ማንም የማይነካውን በሽተኛ እየተቀበሉ ያስታምሙ ጀመር፤ ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ፥ ደርግም ወድቆ ሌላ ሲተካ ከበሽተኛው አጠገብ አልተነሡም። በ1972 ዓ.ም. ደግሞ አበበች ጎበና ለግሸን ማርያም በረከት ወደ ወሎ ወጥታ፥ በረኃብ ከሞተች እናቱ አጠገብ ያለ ሕፃን አይታ፥ ልጆች ይዛ ተመለሰች። ልጆቹ እየበዙ ሄዱ፤ እርሷም ትዳሯንና የሞቀ ቤቷን ትታ ከእነርሱ ጋር መኖርን መረጠች። በሰኔ 2013 ዓ.ም. አረፈች።

እማዬ እስከዚህ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ፥ «ሕፃኑስ ይሁን፥ ሕፃን ሁሉም ይወደዋል። ሽማግሌውን ማን አነሣው?» አለችኝ። የዜናው መካከል ይህ ነው።

በ2002 ዓ.ም.፥ በዘመነ ማርቆስ፥ ቢኒያም በለጠ የሚባል ወጣት በአዲስ አበባ ጎዳና የወደቁትን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን እያነሣ በወላጆቹ ቤት ያኖር ጀመር። ስሙንም ከጳውሎስ ራእይ ወስዶ መቄዶንያ አለው፤ «ተሻግረህ እርዳን» የሚል ጥሪ ነውና። የብንያም ልጆች የናታንን ከተማ እንደቈረቈሩ፥ ይህኛው ቢኒያም ደግሞ የወደቁትን ቤት ቈረቈረ። የስሙ መገጣጠም ከሰው አሳብ አይደለምና ታሪክ ጸሓፊ ሳያነሣው ማለፍ አይሆንለትም። ሙሉ ስሙም የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። የቤቱ ቃል «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል ነው፤ ስሙ ከመጽሐፍ የወጣ ቢሆንም በሩ ላይ የማንም ሃይማኖት አይጠየቅም። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መኝታ ቤት ያርፋሉ።

የማንሣቱ ሥራ እንዲህ ነው። የቤቱ ሰዎች በመኪና ይወጣሉ፤ ወድቆ ያዩትን፥ ወይም መንገደኛ የጠቆማቸውን ያነሣሉ። ሰውየው ብዙ ጊዜ ራሱን አያውቅም፥ ስሙን መናገር የተሳነው አለ፥ ቁስሉ የተላበት አለ፥ ልብሱ ከገላው ጋር የተጣበቀ አለ። አስቀድሞ ይታጠባል። ጠጉሩ ይላጫል፥ ጥፍሩ ይቆረጣል፥ ንጹሕ ልብስ ይለብሳል። ከዚያ ይበላል፥ ሐኪም ያየዋል፥ አልጋ ይሰጠዋል። እጁ የማይታዘዘውን ያጎርሱታል፤ መነሣት የማይችለውን ዳይፐሩን ይለውጡለታል፥ ቁስል እንዳይወጣበት ያገላብጡታል። ሲሞትም እንደ ወግ ይቀበራል።

«ልብሱንስ ማን ያጥበዋል?» አለች እማዬ።

ይህን የጠየቀ ሰው ቤት አስተዳድሮ የሚያውቅ ሰው ነው። የሺህ ሰው አንሶላ በየቀኑ ይታጠባል። በዚያ ቤት ሥራው የሚያልቀው በበጎ ፈቃደኞችም ጉልበት ነው፤ ተማሪው በዕረፍት ቀኑ፥ ሠራተኛው በእሑዱ፥ ከተነሡትም መካከል የበረታው ያልበረታውን እያገዘ። ሰው ልደቱን፥ ሙሽራ ሠርጉን፥ ሐዘንተኛም የዘመዱን ተዝካር እዚያ ማድረግ ልማድ ሆኗል። አባቶቻችን በደጀ ሰላም ያደርጉት የነበረው ተዝካር ጣራና አልጋ ወዳለበት ገባ ማለት ነው። እኔ ከዚህ ቤት ሥራ ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል፤ አዲስ ልማድ ከውጭ አላመጣም፥ የነበረውን ልማድ አሳደረው።

ቤቱም ሰፋ። ከወላጆቹ ግቢ ወጥቶ አያት በሚባለው ሰፈር ከመንግሥት በተሰጠው ቦታ ላይ ሰፈረ፤ በሌሎችም ከተሞች ቅርንጫፍ ከፈተ። የሚጦሩትም ከሰባት ሺህ አለፉ። ሰባት ሺህ ሰው አንድ የወረዳ ከተማ ነው፤ ያውም አርሶ የሚበላ፥ ነግዶ የሚያተርፍ የሌለበት ከተማ። ስለዚህ ሆስፒታል ያለበት ረዥም ሕንፃ ተጀመረ፥ ብረትና ሲሚንቶ ግን እየተወደደ ሄደ። በ2017ቱ ሥርጭት የተለመነው ሕንፃውን መጨረሻ 5 ቢሊዮን ብር ነበር። ነጋዴው በሚሊዮን፥ የቀን ሠራተኛው በመቶ፥ ስደተኛውም በዶላርና በዩሮ ሰጠ፤ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቈጠር ብር ተሰበሰበ። ከዚህ ከእስራኤልም በሰው ቤት አረጋዊ እየጦሩ ከሚያገኙት ደመወዝ ቀንሰው የላኩ ሴቶችን አውቃለሁ። በቀን የሰው አባት ያጥባሉ፥ ማታ የማያውቁት የአገራቸው ሰው አባት እንዲታጠብ ይልካሉ።

እዚህ ስደርስ ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና፥ «የቋራ ሰው ይኖርባት ይሆን?» አለች። «ከሁሉም አገር አለ ይላሉ፥ እማዬ» አልኋት። «እንግዲያው ነገ ጠዋት መጥተህ አላላኩን ታሳየኛለህ፤ እኔ ስልኩን አላውቅበትም» ብላኝ ገባች። በማግሥቱ ሄጄ አሳየኋት።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ዜና ሰምተህ ብር መላክ ብትችል ላክ። በዚህ ዓመት አገር ቤት የምትገባ ከሆንህ ግን ከሻንጣህ አንዱን ጎን ለአዋቂ ዳይፐር ተውለት፤ ቤቱ ዘወትር ከሚለምናቸው ነገሮች አንዱ እርሱ ነው። አያት ስትደርስ መቄዶንያ ብለህ ጠይቅ፥ ታክሲው ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃውን አስረክበህ አትመለስ፤ ግባና ከሽማግሌዎቹ ከአንዱ አጠገብ ተቀመጥ፥ አገሩንም ጠይቀው።