የካፋ ዘውድና የጄኔቫው ንግግር

ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው፣ የቀረበው አቤቱታ የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን በኃያላን ፊት የቆሙ የትንንሽ መንግሥታት ሁሉ የህልውና ጉዳይ መሆኑን በአማርኛ ባስረዱበት ሰዓት፣ የካፋ ነገሥታት ዘውድ በዚያው በስዊስ አገር ከባለቤቱ ሕዝብ ተለይቶ ተቀምጦ ነበር። ከጉባኤተኞቹ መካከል ይህን ያሰበ መኖሩ ያጠራጥራል። ንግግሩ ግን እውነት ነበረ፤ እውነትነቱም ከተናጋሪው ዓላማ አልፎ እስከ ካፋዋ ከተማ እስከ ቦንጋ ይደርሳል።

የካፋ ንጉሥ «ታቶ» ይባል ነበር። ከሚንጆ ነገድ የሚወለደው ይህ ንጉሥ፣ በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የተከበረና የተፈራ ቢሆንም፣ ሚኪረቾ የተባሉ ሰባት መማክርት በዙሪያው ተቀምጠው፣ በሹመትም ሆነ በጦርነት፣ እንዲሁም አልጋ ወራሹን በመምረጥ ነገር ቃላቸው ይሰማ ስለ ነበር፣ ሥልጣኑ ልጓም የሌለው አልነበረም። ይህን ሥርዓት ዛሬ «ዴሞክራሲ» ብሎ መጥራት ማጋነን ነው፤ ገባሩና ባሪያው በዚያ ሸንጎ ድምፅ አልነበራቸውምና። ሆኖም ንጉሥ ብቻውን እንዳይወስን የሚያደርግ ልማድ ከአውሮፓ መጻሕፍት ሳይቀዳ በጫካው መካከል በቅሎ መገኘቱ አይካድም።

ካፋ በጥልቅ ጉድባና በጠባብ በር ተመክቶ ለረጅም ዘመን ራሱን ጠብቆ ከኖረ በኋላ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት፣ የጅማው አባ ጅፋርም ረድተውት ዘመተበት። የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ወራት ሙሉ በጫካ ሲዋጋ ቆይቶ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ተማረከ፤ ቀሪ ዕድሜውንም በግዞት ፈጸመ። በወርቅና በብር ተሠርቶ በሰጎን ላባ ያጌጠው ዘውድ ወደ ምኒልክ ተላከ። ዘውዱ በአገር እስካለ ድረስ መንግሥቱ ተመልሶ ይቆማል የሚል እምነት በሕዝቡ ዘንድ ነበረና፣ ምኒልክ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጥተው ከባሕር ማዶ አሻገሩት ይባላል።

በኅዳር 1947 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ስዊስን በጎበኙ ጊዜ ዘውዱ ተመለሰላቸው፤ የተመለሰው ግን ለቤተ መንግሥት እንጂ ለቦንጋ አልነበረም። በዓመቱ፣ በ1948 ዓ.ም.፣ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ የመናገርና የመሰብሰብ ነፃነትም በሕጉ ውስጥ ተጻፈ፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትም በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ተደነገገ። በዚያን ጊዜ የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጅማ ስለ ነበረች፣ ቦንጋ ትእዛዝ ከሩቅ የምትቀበል የአውራጃ ከተማ ሆና ቀርታ ነበር። ለአፍሪካም ሆነ ለዓለም የሚሰማው የኅብረትና የነፃነት ቃል ግን እየበዛ ሄደ፤ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ በመስከረም 1956 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ስለ ሰው ዘር እኩልነት ተናገሩ። በገዛ አገራቸው ጭሰኛው እርሻ ላይ የዚያን ንግግር መስፈሪያ ማን አነሣ?

የዘመናችን ነገር አጭር ነው። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ ድምፅ ሰጥተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር ወር ተመሠረተ፤ ዶክተር ነጋሽ ዋጌሾም የመጀመሪያው ርእሰ መስተዳድር ሆነው ተሾሙ፤ ቦንጋም ጋኪ ሸሮቾ ከተማረከ ከ124 ዓመት በኋላ ዳግመኛ የመንግሥት መቀመጫ ሆነች። ጥንት አልጋ ወራሹን በመምረጥ የሚኪረቾ ቃል ይሰማ እንደ ነበረ፣ ዛሬ ርእሰ መስተዳድሩን የሚሾመው የክልሉ ምክር ቤት ነው።