ጅቡ መጣ፤ ፎቶው ቀረ

ስሙኝማ! በአዲስ አበባ ምሥራቅ ጅብ እንግዳ አይደለም። ቦሌ ላይ ሙዚቃው ገና ሳይበርድ፣ ከየካ ኮረብታ ጀርባ፣ ከኮተቤና ከአያት ዳር ባሉት ሸለቆዎች ጅቡ ቁልቁል ጉዞውን ይጀምራል። ኮንዶሚኒየሙ መጣ፣ አስፋልቱ መጣ፣ በ2013 ዓ.ም ለሚ ኩራ የሚባል አዲስ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ፤ ጅብ ግን የወሰን ለውጥ አይነገረውም። ወንዝ ወንዙን ይዞ በድሮው መንገዱ ይመጣል።

በዚያ ዳር አንድ በግ አርቢ ነበሩ እንበል። ሰዎቹን ለወጌ ማሳመሪያ የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ኮረብታው፣ ጅቡና የስልክ ሞገዱ ግን የእኔ ፈጠራ አይደሉም። ሰውየውን ጋሼ እንበላቸው። የጋሼ በረት ከገደሉ አፋፍ ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ ከቦት ተቀምጧል። ጠቦት ይጠፋል። ዘበኛው አባባ «ጅብ ነው» ይላሉ። ጋሼ ደግሞ፣ ሁለት እግር ያለው ጅብም አለ ብለው በልባቸው ይዘዋል።

ካሜራ ገዙ። በዱር የሚታሰረው፣ ቅጠልያ ቀለም ያለው፣ ሲም ካርድ የሚጎርሰው ዓይነት። ይህ ካሜራ ሌሊቱን ሙሉ አያይም፤ ይተኛል። ሙቀት ያለው አካል ከፊቱ ሲያልፍ ብቻ ይነቃል፣ በዓይን በማይታይ ብርሃን ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶውን በኔትወርክ ወደ ባለቤቱ ስልክ ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል። ጋሼ ከአንድ ዋንዛ ግንድ ጋር በጠፍር አሰሩት፤ ስልካቸውን ትራስ ሥር አድርገው ተኙ።

ስልኩ ጭጭ። ሲነጋ አንድ ጠቦት የለም።

ጋሼ ወርደው ከካሜራው ሆድ ሚሞሪውን አወጡ። ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? ጅቡ አለ! ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፤ ዓይኑ እንደ ፋኖስ እያበራ። ፎቶው ተነስቷል፤ አልተላከም እንጂ። አባባ ከበሩ ሆነው «አላልኩዎትም?» አሉ፤ ጋሼ መልስ አልነበራቸውም። ባትሪ ድንጋዮቹም በጥቂት ቀን ውስጥ አለቁ። ኔትወርክ ሲደክም ካሜራው ጉልበቱን ሁሉ አውጥቶ ይጮሃል፣ ካልተሰማ ደግሞ ይደግማል፤ ድንጋዩን የሚጨርሰው ፎቶ ማንሳቱ ሳይሆን ይህ ጩኸት ነው።

እዚህ ላይ ወጌን ላቁም። በ2008 ዓ.ም በአማራ ክልል፣ በሱዳን ድንበር ባለው በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩ ለዓለም የተነገረው በእንዲህ ያለ ካሜራ ነው። የኦክስፎርዱ ተመራማሪ ሃንስ ባወር የመሩት ቡድን ቦርን ፍሪ በተባለው ድርጅት ድጋፍ ሄዶ ዱካ አገኘ፣ ፎቶም ያዘ። አልጣሽንና ከድንበሩ ወዲያ ያለውን የሱዳን ዲንደር አንድ ላይ ቢቆጥሩ ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችል ገመቱ። ለአንበሳ ቆጣሪ ፎቶው አንድ ቀን ቢዘገይ ምንም አይደል፤ አንበሳው አይጠፋበትም። ለበግ አርቢ ግን ጠዋት የሚደርስ የጅብ ፎቶ የለቅሶ መርዶ ነው። የጋሼን ነገር የሚያናድድ የሚያደርገው ደግሞ፣ ካሜራቸው በረሃ ውስጥ አለመሆኑ ነው። አፋፉ ላይ ወጥተው ቢቆሙ የቦሌ አውሮፕላን ሲወርድ ሲወጣ ይታያቸዋል፤ የስልክ ማማውም በየአቅጣጫው ተገትሯል።

ከገርጂ አንድ ሞባይል ጠጋኝ አስመጡ። ልጁ እስከ መገናኛ በታክሲ፣ ከመገናኛ እስከ አያት በባቡር፣ ከዚያ በባጃጅ መጣ። ሲደርስ ካሜራውን አልነካም። ስልኩን አውጥቶ የኔትወርኩን ጉልበት የሚያሳይ አንድ ቁጥር ከፈተና ከዋንዛው ሥር ቆመ።

«ጋሼ፣ እዚህ 114 ነው።»

«ጥሩ ነው ማለት ነው?»

«ከዜሮ በታች ነው የሚቆጠረው። 114 እየሞተ ያለ ነው። ወደ 80 ሲጠጋ ጤነኛ ነው።»

የዚህን ቁጥር ባሕርይ ያወቀ ገንዘቡን አያባክንም። መለኪያው ዴሲቤል ይባላል፤ 3 በተሻሻለ ቁጥር የሚደርሰው ኃይል እጥፍ ይሆናል፣ 10 ከተሻሻለ አሥር እጥፍ። ልጁ ስልኩን ረጅም አጠና ላይ አስሮ ከቅጠሉ በላይ ከፍ አደረገው፣ ጠበቀ፣ አወረደው። 95! ከግንዱ ሥር እስከ አጠናው ጫፍ ቁመቱ ስድስት ሜትር ቢሆን ነው፤ ኃይሉ ግን ወደ ሰማንያ እጥፍ ሆነ። ማማው አልተነካ፣ ሲሙ አልተቀየረ። በመካከል የነበረው የገደሉ ግንብና ውሃ የጠጣው ቅጠል ነው የተዘለለው። (ሲም መቀየርም ቢሆን ሊናቅ አይገባም። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም አለ፤ የአንዱ ማማ ኮረብታ ሲጋርደው የሌላው ፊት ለፊት ሊታይ ይችላል። ከሁሉ የረከሰው ሙከራ እሱ ነው፤ ልጁም መጀመሪያ ሞክሮት ነበር፣ እዚያ ገደል ውስጥ ሁለቱም ያው ሆኑበት እንጂ።)

«እንግዲያው ካሜራውን እላይ እንስቀለዋ!» አሉ ጋሼ።

«ከዚያማ የሚያነሳው ወፍ ነው። ካሜራው በጅቡ ደረት ልክ ይቆይ፤ የሚወጣው አንቴናው ብቻ ነው።»

ካሜራው ላይ ያለችው አጭር ዱላ ተጠምዝዛ ትወልቃለች፤ በቦታዋ ገመድ ይገባል፣ በገመዱ ጫፍ ሌላ አንቴና። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ፤ ወደ ዕቃ ቤት ገቡና አቧራ የለበሰ የቴሌቪዥን አንቴና ይዘው ወጡ። ቴሌቪዥን በአገራችን በ1957 ዓ.ም ጥቅምት ሥርጭቱን ሲጀምር እሳቸው ልጅ ነበሩ። ኋላ ይህን አንቴና ቆርቆሮ ላይ ወጥተው ሲያዞሩ፣ ከታች «መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ!» ሲባሉ ነው የጎለመሱት። ይህን ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እሱ በዲሽ ዘመን የተወለደ ነው።

ልጁ ሳቀ፣ ግን በአክብሮት። «ጋሼ፣ ልኩ አይሆንም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንቴና ክንድ የሚቆረጠው በሞገዱ ርዝመት ልክ ነው። በዚያ ገደል ስልኩ የያዘው 900 ሜጋኸርዝ ነበር፤ የዚህ ሞገድ ርዝመት 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ግማሹ 17፣ ሩቡ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። በ1800 ከሆነ ደግሞ ሁሉም በግማሽ ያጥራል። የጋሼ አንቴና ክንዶች ግን የጥንቱን ቴሌቪዥን ሞገድ ለመያዝ ተቆርጠው አንድ ሜትር ሊሞሉ ምንም አልቀራቸውም። ቢሰቅሉት ወፍ ያርፍበታል እንጂ ፎቶ አያልፍበትም።

በሞገዱ ልክ የተቆረጠ ሌላ አንቴና ገዙ፤ ከሱ ጋር አሥር ሜትር ቀጭን ገመድ በነጻ። ሰቀሉት፣ አገናኙት፣ ካሜራው የሚያሳየውን ቁጥር አዩ፤ 105። እላይ 95 የነበረው እታች ሲደርስ 105! ጋሼ ልጁን አዩት፤ ልጁ ገመዱን አየ። ያ በነጻ የተሰጠው ቀጭን ገመድ በ900 ሜጋኸርዝ በየሜትሩ አንድ ዴሲቤል ገደማ ይበላል፤ አሥር ሜትር ሲሆን ከአሥሩ እጅ ዘጠኙን በልቶ አንዱን ያደርሳል። ብዙ ሰው «አንቴና ገዛሁ፣ ምንም አልፈየደኝም» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ነጋዴውም አንቴናውን አሞግሶ ይሸጣል፤ ስለ ገመዱ ግን ማንም አያነሳም። ጣት የሚያህለው ወፍራሙ ገመድ ለዚያው ርቀት ከአንድ ዴሲቤል ተኩል በታች ነው የሚወስደው። ዋጋው ከአንቴናው ሊበልጥ ይችላል፤ እኔን ብትጠይቁኝ ገንዘብ ካነሰ ከአንቴናው ቀንሱ እንጂ ከገመዱ አትቀንሱ። የቴሌቪዥኑ ነጭ ገመድም አይመከርም፤ ለሌላ ልክ የተሠራ ስለሆነ ከካሜራው ጋር አይጣጣምም።

በመካከል አንድ ጎረቤት ብቅ ብሎ «ይህ ሁሉ ድካም ምንድነው? ቡስተር ግዙና ተገላገሉ» አለ። ቡስተር የሚባለው ማጉያ ሞገዱን ሲያጎላ ጫጫታውንም አብሮ ያጎላል፤ በዘፈቀደ ከተተከለ ማማውን ራሱን አደንቁሮ የሰፈሩን ስልክ ሁሉ ያውካል። በ1148/2011 አዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዚህ ዓይነት መሣሪያ ጉዳይ የሚመለከተው ነው። አንቴናና ገመድ ግን በራሳቸው ምንም ኃይል አይጨምሩም፤ ያለውን ይሰበስባሉ። ጎረቤትየው ሻይ ጠጥቶ ሄደ።

ወፍራሙን ገመድ አመጡ። አጠናው ተተከለ፤ አንቴናው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያይ፣ ክንዶቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ዓይነት ነበር። ጋሼ በቅርብ ወዳለው ማማ አዞሩት፤ ቁጥሩ አልተሻሻለም፤ ማማው በኮረብታው ጫፍ ተጋርዷል። ልጁ ቀስ እያለ፣ በየትንሹ እየቆመ ካሜራውም ቁጥሩን እስኪቀይር እየጠበቀ ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦሌ ሜዳ አዞረው። 99፣ 94፣ 88። እዚያ በኩል ያለው ማማ ራቅ ቢልም ፊት ለፊት ይታያል። «በቃ! አትንካው!» አሉ ጋሼ፤ በዚህ ሥራ ላይ ልምድ አላቸው እኮ።

ልጁ መገጣጠሚያውን በናስትሮ ጠቅልሎ፣ ገመዱ ካሜራው ጋ ከመግባቱ በፊት ቁልቁል ጎበጥ ብሎ እንዲመለስ አደረገ፤ ነሐሴ ላይ ዝናቡ ገመዱን ይዞ ሲወርድ ከጉብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ካሜራው ሆድ አይገባም። ለመብረቁም የአንቴናውን የብረት መያዣ በወፍራም ሽቦ ከመሬት አገናኘ። የክረምት መብረቅ ባለበት አገር አጠና ጫፍ ላይ ብረት ሰቅሎ ዝም ማለት ጅብን ፈርቶ እሳት መጥራት ነው።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ፣ የጋሼ ስልክ ጮኸ። ፎቶው ላይ አባባ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ካሜራው ፊት ቆመው አንቴናውን ሽቅብ ያያሉ። ጋሼ ስቀው ሳይጨርሱ ሁለተኛው መጣ፤ ይኸኛው ከአባባ ኋላ ያለውን ቁጥቋጦ ያሳያል፣ በውስጡም ሁለት ዓይን።

«አባባ! ባትሪውን ያብሩና ወደ በሩ ይመለሱ! ከኋላዎ ነው!»

አባባ አበሩ፣ ጮኹ፣ ድንጋይ ወረወሩ። ሦስተኛው ፎቶ የጅቡ ጀርባ ብቻ ነው። በማግሥቱ ጋሼ በረቱን በቱቦላሬና በሽቦ አጠሩት፤ ካሜራ ይጠራል እንጂ አያጥርም። ጅቡም ተስፋ አልቆረጠም፤ ሽቅብ ወጥቶ የዚያን ቡስተር ግዙ ያለ ጎረቤት የጥጃ ጋጣ ማሽተት ጀመረ። ጎረቤትየው ማልዶ መጣና ልጁን ስልክ ላይ ያዘው፤ «ያንን ቁጥር እኔ ግቢ መጥተህ የምታይልኝ መቼ ነው?»