ከጀልዴሳ ኬላ እስከ በቀቀኗ የሽቦ ቤት፦ እንስሳን ስለ መታደግ ታሪካዊ ምልከታ



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፦ ከሻጭ እጅ የወጣችን አንዲት በቀቀን ወስዶ ማሳደግ «መታደግ» የሚባለው መቼ ነው? መልሱ በርኅራኄ ብቻ ሳይሆን በንግድ መንገድ ታሪክም ውስጥ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።

ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኘው ጀልዴሳ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዘይላና የሐረር መገናኛ ነበረች። ከጠረፍ የመጡ ግመሎች ጭነታቸውን እዚያ ያራግፋሉ፤ ጭነቱም በበቅሎና በአህያ ወደ ሐረር ይወጣል። ሐረርን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. የያዙት ግብፃውያንም ሆኑ ኋላ የመጣው የራስ መኰንን አስተዳደር ይህን በር የተቆጣጠሩት ጥቅሙን ዐውቀው ነው። ወደ ባሕር ከሚወርደው ቡናና ቆዳ ጋር የዝሆን ጥርስና የጥርኝ ዝባድም ነበረበት። እነዚህ ከዱር እንስሳት የሚገኙ ሸቀጦች በመንገዱ እንዲጓዙ ያደረገው ከባሕር ማዶ የነበረው ፈላጊ ነው። በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ ጀልዴሳ ተዳከመች፤ ፍላጎቱ ግን መንገድ ለወጠ እንጂ አልጠፋም።

በቀቀንም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። ወንዱ በአንገቱ ዙሪያ ጥቁርና ሮዝ ቀለበት ያለው አረንጓዴ በቀቀን ከሱዳን ሰናር አንሥቶ በሰሜን ኢትዮጵያ በኩል እስከ ሰሜን ምዕራብ ሶማሊያ ይኖራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዳግማዊ በጥሊሞስ በእስክንድርያ ባሳየው ታላቅ ሰልፍ ውስጥ በቀቀኖች ተዘግተው መቅረባቸው ተጽፏል። ሮማዊው ፕሊኒም የኔሮ መልእክተኞች ከግብፅ በስተደቡብ፣ በዓባይ ሸለቆ፣ በቀቀኖችን ማየታቸውን መዝግቧል።

በዘመናችንም የአቦሸማኔ ግልገሎች ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወስደው በሶማሌላንድ ጠረፍ በኩል ወደ ዓረብ ልሳነ ምድር ይሻገራሉ። ከአሻጋሪዎች የተነጠቁት በሶማሌላንድ በሚገኝ ማዕከል ያድጋሉ፤ አደን ከእናታቸው ስላልተማሩ ወደ ዱር መመለሳቸው እጅግ አዳጋች ነው። በሰው እጅ ያደገች በቀቀንም ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥማታል።

እንግዲህ አንድ ደግ ሰው ወፏን አይቶ ቢያዝንና ገንዘብ ከፍሎ ቢወስዳት፣ ያቺ ወፍ በእርግጥ ትተርፋለች። ለአጥማጁ ግን የሚያዝን ገዢና የሚኩራራ ገዢ ልዩነት የላቸውም፤ በተከፈለው ዋጋ ሌላ ወፍ ያጠምዳል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን መያዝ በፈቃድ የወሰነውም ስለዚህ ይመስለኛል።

በእኔ አስተያየት መታደግ የሚባለው ለሻጩ ምንም ሳይከፈል፣ በሕግ አካል ዕውቅና፣ ወደ ዱር መመለስ ለማትችል ወፍ የሚሰጥ መጠለያ ነው። እርሱም የአንድ ሰሞን ፍቅር ሊሆን አይገባውም፤ በቀቀን በእንክብካቤ ከ20 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለችና። ርኅራኄያችን ወፏን ብቻ ሳይሆን የመጣችበትንም መንገድ ይመልከት እላለሁ።

አሁን ወደ ውይይቱ እንለፍ።