የዮጋ አቀማመጦችና ሰባቱ «መንኮራኩሮች»፦ ታሪኩ ምን ይላል?



ስለ ዮጋ በሙስሊም ቤተሰብ ውስጥ የሚነሳው ክርክር ብዙ ጊዜ ከአንድ ሥዕል ይጀምራል። ሥዕሉ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ያሳያል። ከአከርካሪው ግርጌ እስከ አናቱ ድረስ ሰባት ክቦች፣ ከቀይ እስከ ሐምራዊ፣ በቀስተ ደመና ቀለማት ተደርድረዋል። ከጎኑ «ይህ አቀማመጥ ለዚህኛው ክብ፣ ያ መተጣጠፍ ለዚያኛው ክብ» የሚል ሰንጠረዥ ይገኛል። ጀርባዋን የሚያማት እናት «ስፖርት ነው፣ ይጠቅምሻል» ተብላለች። ልጇ ደግሞ «የጣዖት አምልኮ ነው» ሲባል ሰምቷል። ሁለቱም በቅን ልብ ይከራከራሉ፤ ነገር ግን ሥዕሉ ከየት እንደመጣ አንዳቸውም አልጠየቁም።

የሸሪዓውን ብይን ለባለቤቶቹ ለዑለሞቻችን እንተወውና በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን እንመርምር። አንድን ነገር ሳያውቁ መፍቀድም ሆነ ሳያውቁ መከልከል የሊቃውንቶቻችን መንገድ አልነበረምና። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አል-ቢሩኒና የፓታንጃሊ መጽሐፍ

ከህንድ ውጭ ስለ ዮጋ ጠለቅ ብለው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ሙስሊም ሊቅ ናቸው። አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ በ973 በኸዋሪዝም፣ ዛሬ ኡዝቤኪስታን በምትባለው አገር ውስጥ ተወለዱ። ሱልጣን ማሕሙድ አገሩን በያዘ ጊዜ ወደ ገዝና ተወሰዱ። በዚያም ስለ ህንድ የማወቅ ዕድል አገኙ። በጦር ዘመን የህንድን ሊቃውንት ፈልገው አጠገባቸው ቁጭ አሉ፤ አስቸጋሪውን የሳንስክሪት ቋንቋም ተማሩ። በ1030 ገደማ የጨረሱት የህንድ መጽሐፋቸው እስከ ዛሬ ድረስ ይጠናል።

እኚህ ሊቅ ፓታንጃሊ የተባለውን የዮጋ መጽሐፍ ከነማብራሪያው ወደ ዐረብኛ መለሱት። የዚህ ትርጉም ቅጂ ኢስታንቡል ውስጥ ተጠብቆ ቆይቶ በ1956 ሄልሙት ሪተር በተባለ ጀርመናዊ ምሁር ታትሟል። አል-ቢሩኒ ስለ ህንድ ሲጽፉ የያዙት መንገድ ለእኛም ትምህርት ነው። የሂንዱዎችን እምነት እነርሱ ራሳቸው እንደሚሉት አድርገው ያቀርባሉ። ከግሪኮችና ከሱፊዮች አነጋገር ጋር የሚመሳሰለውን ያመሳስላሉ፤ የሚለያየውንም ልዩነቱን አይሸፍኑም። በእርሳቸው እምነት ግን አንድም ቀን አልተደራደሩም።

የፓታንጃሊ መጽሐፍ ምን ይላል? ወደ 195 የሚጠጉ አጫጭር ቃላትን የያዘ ሲሆን ዋና ጉዳዩ የሐሳብን መባዘን ጸጥ ማሰኘት ነው። ስለ አቀማመጥ የሚናገሩት ሦስት ያህል ብቻ ናቸው። እነርሱም የሚሉት፣ ተቀማጩ ሳይነቃነቅና ሳይጨነቅ ይቀመጥ ነው። «አሳና» የሚለው ቃል ራሱ መቀመጫ ማለት ነው። በራስ መቆም የለም፤ ወደ ኋላ መታጠፍ የለም። እምብርት አካባቢ ስላለ አንድ «መንኮራኩር» በአንድ ቦታ ይጠቅሳል እንጂ ሰባቱን አይዘረዝርም።

መንኮራኩሮቹ ከየት መጡ?

«ቻክራ» በሳንስክሪት መንኮራኩር ማለት ነው። በሰውነት ውስጥ በአከርካሪው ላይ ተደርድረዋል የሚባሉት መንኮራኩሮች በስፋት የተጻፈላቸው ከፓታንጃሊ ብዙ ዘመን በኋላ፣ ታንትራ በሚባሉት የሂንዱ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ቁጥራቸው በየመጽሐፉ ይለያያል፤ አንዱ ስድስት ሲል ሌላው ስምንት ወይም ከዚያ በላይ ይላል።

ዛሬ በየግድግዳው የሚለጠፈው ሥርዓት በዋናነት የተወሰደው ፑርናናንዳ የተባለ የቤንጋል ሰው በ1577 ከጻፈው መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ስድስት መንኮራኩሮች ከአከርካሪው ግርጌ እስከ ቅንድቦች መካከል ተዘርዝረዋል። ከእነርሱ በላይ አናት ላይ ሺህ ቅጠል ያለው የሎተስ አበባ አለ፤ ሰባት የሚባሉት ከዚህ ጋር ተቆጥረው ነው። እያንዳንዱ መንኮራኩር የተወሰነ የአበባ ቅጠል አለው፦ 4፣ 6፣ 10፣ 12፣ 16 እና 2። የታችኞቹ አምስቱ የመሬት፣ የውሃ፣ የእሳት፣ የነፋስና የጠፈር ናቸው። እያንዳንዱ የሚደጋገም ድምፅ አለው። በላዩ የሚቀመጥ የሂንዱ አምላክም አለው፤ የመጀመሪያው ብራህማ፣ ሁለተኛው ቪሽኑ እያለ ወደ ላይ ይወጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። ይህ የሰውነት ክፍሎች ዝርዝር አይደለም። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ በሐሳቡ የሚገነባው የአምልኮ ካርታ ነው። ቁጥሩ በየመጽሐፉ መለያየቱም የሚደንቅ አይደለም፤ የጉበትና የኩላሊት ቁጥር ግን በየመጽሐፉ አይለያይም።

ይህን ራሳቸው ሂንዱዎችም ጠይቀውታል። በ1875 አርያ ሳማጅ የተባለውን የሂንዱ ተሐድሶ ማኅበር የመሠረተው ዳያናንዳ ሳራስዋቲ ስለ ወጣትነቱ ሲተርክ የሚከተለውን ይናገራል። ስለ መንኮራኩሮቹ የሚተርኩ መጻሕፍት ይዞ በጋንጀስ ወንዝ ዳርቻ ሲጓዝ አንድ ሬሳ ውሃው ሲወስደው አየ። ገብቶ ጎትቶ አወጣውና በቢላዋ ከፈተው። ያየውን ከመጽሐፎቹ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ። ምንም አልገጠመም። መጽሐፎቹን ቀዳዶ ከሬሳው ጋር ወደ ወንዙ ወረወራቸው።

የሕይወት ውሃ መጽሐፍ

አል-ቢሩኒ ካለፉ ከዘመናት በኋላ ሙስሊሞች ዮጋን በሌላ መንገድም አንብበውታል። «ሐውድ አል-ሐያት»፣ የሕይወት ኩሬ እንደማለት፣ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ የዐረብኛ መጽሐፍ አለ። መቅድሙ እንደሚተርከው በ13ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከካማሩፓ፣ ከዛሬዋ አሳም፣ አንድ ዮጊ ወደ ቤንጋል መጣ። ሩክኑዲን ከተባሉ የሰመርቀንድ ቃዲ ጋር ተከራከረ፤ እስልምናንም ተቀብሎ መጽሐፉን ሰጣቸው። አጥኚዎች ይህን መቅድም በጥንቃቄ ነው የሚያዩት። መጽሐፉ ግን በእውን አለ፤ ወደ ፋርስኛና ወደ ቱርክኛም ተተርጉሞ በብዙ አገር ተነቧል።

በ1550 ገደማ የሸጧሪያው ሱፊ ሙሐመድ ገውስ የጓልየሩ «በሕር አል-ሐያት» በሚል ርዕስ ወደ ፋርስኛ መለሱት፤ ስለ አቀማመጦች የሚናገረውንም ክፍል አስፋፉት። ከ1600 እስከ 1604 ባለው ጊዜ ደግሞ፣ በኋላ ጃሃንጊር ተብሎ ለነገሠው ለልዑል ሰሊም፣ በአላህባድ በሥዕል ያጌጠ ቅጂ ተዘጋጀለት። በዚያ ቅጂ 21 አቀማመጦች ተሥለዋል። የዮጋ አቀማመጦችን በተርታ እየሣሉ ከሚያስተምሩ የታወቁ መጻሕፍት ሁሉ ቀደምቱ ይህ በሙስሊም ቤተ መንግሥት የተሠራው ነው። ዛሬ በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ፣ በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ይሁንና ይህ መንገድ ከአል-ቢሩኒ መንገድ ይለያል። ተርጓሚዎቹ ለሙስሊም አንባቢ ይቀርብ ዘንድ የሂንዱውን ስም በእኛ ስም ተኩት። ጎራክ የተባለውን የዮጊዎች መምህር «ኸድር ነው» አሉ፤ ሌላውን «ዩኑስ ነው»፣ ሌላውን «ኢልያስ ነው» አሉ። የሚደጋገሙትን ድምፆች በአላህ ስሞች ፈቱ። በሰውነት ላይ ያሉትን ሰባት ቦታዎች ከሰባቱ ፕላኔቶች ጋር አያያዙ። ሐሳባቸው ቅን ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ግን አንባቢው የሚያነበው የማን ትምህርት እንደሆነ የማይለይበት መጽሐፍ ሆነ። አል-ቢሩኒን ያነበበ ሰው የሂንዱው የቱ ጋ እንደሚያበቃ ያውቃል፤ ይህንን ያነበበ ግን አያውቅም።

መተጣጠፉና መንኮራኩሩ እንዴት ተገናኙ?

አሁን ወደ ሰንጠረዡ እንመለስ። «ሃታ ዮጋ» የሚባለው፣ ሰውነትን የሚያሠራው ዘርፍ፣ ዋና መጽሐፉ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ተጻፈ። በውስጡ 15 አቀማመጦች አሉ፤ አብዛኞቹ የመቀመጫ ዓይነቶች ናቸው። ጥቅማቸውን ሲናገር ሆድን ያስተካክላል፣ በሽታ ያርቃል፣ ሰውነትን ያጸናል ይላል። ከዚያ በኋላ የመጣ ሌላ መጽሐፍ 32 ይዘረዝራል። ለየአቀማመጡ አንድ አንድ መንኮራኩር የሚያድለው የዛሬው ሰንጠረዥ ግን በእነዚህ መጻሕፍት የለም።

ዛሬ የምናየው ቆሞ መዘርጋት፣ መታጠፍና መወጠር የበዛበት ዮጋ ይበልጥ የተስፋፋው በ1930ዎቹ ነው። በደቡብ ህንድ በማይሶር ንጉሥ ቤተ መንግሥት ክሪሽናማቻርያ የተባለ መምህር ወጣቶችን ያስተምር ነበር። ዘመኑ የአውሮፓ ጂምናስቲክና የእንግሊዝ ወታደራዊ ስፖርት በህንድ ትምህርት ቤቶች የገቡበት ጊዜ ስለነበር ከዚያም ብዙ እንደተወሰደ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። ከተማሪዎቹ አንዱ አየንጋር በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ 200 ገደማ አቀማመጦችን በፎቶግራፍ አሳየ። «የፀሐይ ሰላምታ» የተባለውን ተከታታይ እንቅስቃሴ ደግሞ በስፖርትነት ያስፋፋው አውንድ የተባለች ትንሽ ግዛት ገዥ ነበር።

መንኮራኩሮቹ ወደ ምዕራቡ ዓለም የሄዱት በሌላ በር ነው። በካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ውድሮፍ የ1577ቱን መጽሐፍ ተርጉሞ በ1919 አሳተመ። በ1927 ቻርልስ ሌድቢተር የተባለ የቲዮሶፊ ሰው «አየሁ» የሚለውን ጨምሮበት የራሱን ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የስነ ልቦና ትርጉምና የቀስተ ደመናው ቀለማት ተደረቡበት። መተጣጠፉን ከመንኮራኩሩ ጋር በሰንጠረዥ ያጋባው እንግዲህ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «የሺህ ዓመታት ጥበብ» ተብሎ የሚሸጠው ሰንጠረዥ ከአያቶቻችን ዕድሜ ብዙም አይበልጥም።

ለቤተሰባችን ምን ይጠቅማል?

ዑለሞች በዚህ ጉዳይ የተናገሩትን ስናይ ይህንኑ መለየት እናገኛለን። በኅዳር 2008 የማሌዥያ ብሔራዊ የፈትዋ ምክር ቤት እንቅስቃሴን ከአምልኮና ከማንትራ ጋር ያጣመረውን ዮጋ ለሙስሊም ከለከለ። የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ ማንትራ የሌለበት የሰውነት እንቅስቃሴ ሊቀጥል እንደሚችል ተናገሩ። በጥር 2009 የኢንዶኔዥያ ዑለሞች ምክር ቤት ሥርዓተ አምልኮና ማንትራ ያለበትን ከልክሎ ስፖርት ብቻ የሆነውን ፈቀደ። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2017 ዮጋን ከስፖርት ዓይነቶች መካከል መዘገበችው።

እንግዲህ ልጁም እናቲቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። መንኮራኩሮቹ በመነሻቸው የአማልክት መቀመጫዎች ናቸውና «ምንም የለበትም፣ ስፖርት ነው» የሚል ሰው ታሪኩን አላነበበም። መተጣጠፉም ለብቻው የተጓዘ፣ ከጂምናስቲክ ጋር የተዋሐደ ነውና «እጁን የዘረጋ ሁሉ ጣዖት አመለከ» የሚልም እንዲሁ አላነበበም። ሰውነታችን በእኛ ላይ ሐቅ እንዳለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። የታመመ ጀርባን ማፍታታት ከዚያ ሐቅ ነው፤ ተውሒድን መጠበቅ ደግሞ የአላህ ሐቅ ነው።

ስለዚህ እናቲቱ ወደ አስተማሪዋ ሄዳ ትጠይቅ። የሚደገም ቃል አለ ወይ? ትርጉሙስ ምንድን ነው? ለፀሐይ ሰላምታ ስጪ፣ በዚህ ቦታ ያለውን ኃይል አስቢ የሚል አለበት ወይ? ወይስ ወገብን ማፍታታትና በጥልቅ መተንፈስ ብቻ ነው? መልሱን ይዛ ወደምታምናቸው ዓሊም ትሂድ። «ይህ አቀማመጥ የልብን መንኮራኩር ይከፍታልና መድኃኒትሽን ተይው» ያላት ካለ ግን የዳያናንዳን ቢላዋ ታስታውስ፤ ሐኪሟንም አትተው።

ልጁም ከመፍረዱ በፊት ያንብብ። አል-ቢሩኒ የሌላውን ሕዝብ እምነት ለማወቅ በጎልማሳነታቸው አዲስ ቋንቋ ተምረዋል። ከእኛ የሚጠበቀው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ጠይቆ መለየት ብቻ።

ወላሁ አዕለም።