የድመት ጉንፋን

የድመት ጉንፋን በድመቶች አፍንጫ፣ ጉሮሮና ዓይን ላይ የሚከሰት ተላላፊ የላይኛው መተንፈሻ አካል በሽታ ነው። ዋና ምልክቶቹ ማስነጠስ፣ የአፍንጫና የዓይን ፈሳሽ፣ ትኩሳት እንዲሁም የምግብ ፍላጎት ማጣት ናቸው። ከሁሉ በላይ የሚያጠቃው ከእናታቸው ተለይተው አዲስ ቤት የገቡ ግልገሎችን ነው። አብዛኞቹ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ቢድኑም በሽታው በብዙዎቹ ላይ ይመላለሳል። ስሙ ከሰው ጉንፋን ጋር ቢመሳሰልም መንስኤዎቹ ሌሎች ናቸው።

መንስኤ

አብዛኛው ሕመም የሚመጣው ከሁለት ቫይረሶች ነው። የድመት ካሊሲ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1957፣ የድመት ሄርፒስ ቫይረስ ዓይነት 1 ደግሞ በ1958 ተለይተው ታወቁ። ሄርፒስ ከባድ ማስነጠስና የዓይን ቁስል ያስከትላል፤ ካሊሲ በምላስና በአፍ ላይ ቁስል ያወጣል፣ አንዳንዴም ለጊዜው ያስነክሳል። ክላሚዲያ ፌሊስ የተባለው ባክቴሪያ በተለይ ዓይንን ያቀላል፣ ያሳብጣልም። ቦርዴቴላና ማይኮፕላዝማም ይገኛሉ።

በሽታው የሚተላለፈው በቀጥታ ንክኪ፣ በማስነጠስ ፍንጣሪ፣ በጋራ ሳህንና በሰው እጅ ነው። ሄርፒስ ከድመት ውጭ ከአንድ ቀን የዘለለ ዕድሜ የለውም። ካሊሲ ግን ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቆያል፤ አልኮል ያለው የእጅ ማጽጃም በደንብ አይገድለውም። ለዕቃና ለወለል በውሃ የቀጠነ በረኪና ይሠራል።

ለምን ይመላለሳል

ሄርፒስ ቫይረስ ሕመሙ ካለፈ በኋላ ከሰውነት አይወጣም። የፊት ስሜትን በሚያስተላልፉ ነርቮች ውስጥ ተደብቆ በአብዛኞቹ ድመቶች ዕድሜ ልክ ይኖራል፤ ድመቷ ስትጨነቅ ይነቃል። የቦታ ለውጥ፣ ብርድ፣ ሌላ ሕመም፣ ወሊድና ማጥባት ሁሉ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። በመሆኑም ጤነኛ የምትመስል እናት በማጥባት ላይ ሳለች ለልጆቿ ልታስተላልፍ ትችላለች። ግልገሎቹ ከእንገር ያገኙት መከላከያ የሚዳከመው ደግሞ በግምት ከ6ኛው እስከ 9ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ይህ ጎረቤት ለጎረቤት ግልገል በካርቶን አድርጎ የሚሰጥበት ዕድሜ ነው።

ከጭንቀቱ በኋላ ቫይረሱ መውጣት የሚጀምረው በአብዛኛው ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሲሆን እስከ ሁለት ሳምንት ሊቀጥል ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደህና የነበረች ግልገል በሁለተኛው ሳምንት ማስነጠስ ብትጀምር ባለቤቶቿ አዲስ በሽታ የያዛት ወይም የቀድሞው ሕክምና ያልሠራ ይመስላቸዋል። ግልገሏን ለሌላ ሰው ማስተላለፍ ወይም መጣል ጭንቀቱን እንደገና ይጀምረዋል። ቤት ውስጥ ሌላ ድመት ካለ አዲሷን ለሁለት ሳምንት ለይቶ ማቆየት ይመከራል።

እንክብካቤ

ብዙ ጊዜ ግልገልን የሚገድለው ቫይረሱ ሳይሆን ረሃብና የውሃ እጥረት ነው። ድመት ምግቧን የምትለየው በማሽተት ስለሆነ አፍንጫዋ የተዘጋ ግልገል ፊቷ የቀረበውን አትነካም። ለብ ያለና ጠንካራ ሽታ ያለው ምግብ፣ ለምሳሌ ሳርዲን ወይም ተቀቅሎ የደቀቀ ዶሮ፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይሰጣል። ወጥ የነካው እንጀራ አይመከርም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። የላም ወተት ደግሞ ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል።

የአፍንጫና የዓይን ፈሳሽ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይጠረጋል። የንጹሕ ውሃ እንፋሎት አፍንጫን ይከፍታል፤ ለሰው እንደሚደረገው ባሕር ዛፍ መጨመር ግን ለድመት መርዝ ነው። በዳሞታ ተራራ ግርጌ በምትገኘው ወላይታ ሶዶ በክረምት ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ግልገሏ ከወለል ከፍ ያለና ጨርቅ የተነጠፈበት መኝታ ያስፈልጋታል። የከሰል፣ የማገዶና የእጣን ጭስ ማስነጠሱን ያብሳል።

ግልገሏ ለአንድ ቀን ሙሉ ካልበላች፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም ዓይኗን መግለጥ ካቃታት በፍጥነት ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለባት። በኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና በዋናነት በከብት፣ በበግና ፍየል እንዲሁም በዶሮ ላይ ያተኮረ ነው። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በሙያው ሐኪሞችን ቢያሠለጥንም የድመት መድኃኒትና ክትባት መኖሩን ከክሊኒኩ አስቀድሞ መጠየቅ ጊዜ ያተርፋል።

መድኃኒት

አንቲባዮቲክ ቫይረስን አያጠፋም። የሚታዘዘው ፈሳሹ መግል ሲሆንና ትኩሳት ወይም ድካም ሲጨመርበት ነው። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ዶክሲሳይክሊን በደረቁ ከተዋጠ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የምግብ ቧንቧን ሊያጠብብ ስለሚችል ውሃ ይከተለዋል። የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ለክላሚዲያ ይጠቅማል፤ ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ግን የሄርፒስን የዓይን ቁስል ያባብሳል። ላይሲን ለረጅም ጊዜ ሲታዘዝ ቢቆይም ጥቅሙ በጥናት አልተረጋገጠም።

ፓራሲታሞል ለድመት ፈጽሞ አይሰጥም። የድመት ጉበት መድኃኒቱን መሰባበር ስለማይችል አንድ እንክብል እንኳ ሊገድላት ይችላል፤ ድዷ ወደ ቡናማ ወይም ሰማያዊ መለወጡ የመመረዝ ምልክት ነው። ክሬዎሊንና ዴቶልም ድመት በምትኖርበት ቤት አይመከሩም፤ ከመዳፏና ከጸጉሯ ላይ ትልሳቸዋለች።

ክትባት

የተለመደው ክትባት ሄርፒስን፣ ካሊሲንና ፓንሉኮፔኒያ የተባለውን በሽታ በአንድ ላይ ይይዛል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ይጀመርና በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደገማል፤ ምክንያቱም ከእናት የተገኘው መከላከያ ቀደም ያሉትን ክትባቶች ሊያከሽፋቸው ይችላል። ክትባቱ ሕመሙን ያቀልላል እንጂ መያዝን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፤ የተደበቀ ሄርፒስንም አያስወጣም።

በሰው ላይ ያለው አደጋ

የድመት ሄርፒስና ካሊሲ ቫይረሶች ሰውን አይዙም። ክላሚዲያ ፌሊስ አልፎ አልፎ የሰውን ዓይን ሊያቀላ ይችላል፤ ትራኮማን የሚያመጣው ግን ሌላ የክላሚዲያ ዝርያ ነው፣ ከድመትም አይመጣም። ሕፃናትን ይበልጥ የሚያሰጋው ግልገሏን በግድ መድኃኒት ሲያውጧት የሚደርስ ንክሻ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በኢትዮጵያ ስላለና ድመትንም ስለሚይዝ፣ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም፣ በሶዶ ለምሳሌ በተለምዶ ኦቶና ወደሚባለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ መሄድ ይኖርበታል።