የነፍስ ወከፍ ግብር ዜና፣ በእንግሊዝ አገር እንደ ሆነ

በ1971 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ሚያዝያ 26 ቀን ወይዘሮ ማርጋሬት ታቸር የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እኒህ ሴት ቃላቸውን የማያጥፉ ብርቱ ነበሩ። የማዕድን ቆፋሪዎችን ዓመት ያህል የዘለቀ አድማ ሰበሩ፤ የስልክንና የጋዝን ድርጅት ከመንግሥት እጅ አውጥተው ሸጡ፤ በ1979 ዓ.ም. ሰኔ 4 ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ምርጫ አሸነፉ። ከዚያ ወዲያ በፊታቸው ደፍሮ የሚናገር ሚኒስትር አነሰ። የነፍስ ወከፍ ግብር የመጣውም በዚህ ጊዜ ነው።

ቀድሞ ሰው ሁሉ በሚኖርበት ቤት የኪራይ ግምት ልክ ለአካባቢው ምክር ቤት ይከፍል ነበር፤ ሰፊ ቤት ያለው ብዙ፣ ጠባብ ቤት ያለው ጥቂት። በዚህም ገንዘብ ልጆች ይማራሉ፣ ጎዳና ይጠረጋል፣ ጧሪ የሌለው ሽማግሌ ይረዳል። ወይዘሮ ታቸር ግን፣ «ግብር የማይከፍል ብዙ ሰው ድምፅ ስለሚሰጥ ምክር ቤቶቹ ገንዘብ ያባክናሉ፤ ሁሉ ቢከፍል ሁሉ ይቆጣጠራል» የሚለውን ምክር ተቀበሉ። በዚህ ነገር ጥቂት እውነት እንዳለበት ላለመካድ እጽፈዋለሁ። ሕጉ ግን ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን በደረሰ ሰው ሁሉ ላይ በየአካባቢው እኩል ሂሳብ ጣለ። የዌስትሚንስተር መስፍን፣ የለንደንን ውድ መሬት የያዘው ባለጸጋ፣ በዚያው ሰፈር ከሚኖር አትክልተኛ ጋር እኩል እንዲከፍል ሆነ። ምንም ለሌለው ድኻና ለተማሪው እንኳ ከ100 እጅ 20ው አልቀረለትም።

ሕጉ አስቀድሞ በስኮትላንድ ላይ ወደቀ፤ ቀኑም መጋቢት 23፣ 1981 ዓ.ም.፣ ከእንግሊዝ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ስኮትላንዶች የወይዘሮ ታቸርን ፓርቲ ከ72 ወንበራቸው 10 ብቻ ሰጥተውት ነበርና፣ «መሞከሪያ አደረጉን» ብለው አዘኑ። በግላስጎው የፍርድ አስፈጻሚዎች ያልከፈለ ሰው ዕቃ በሐራጅ ሊሸጡ ሲመጡ ጎረቤት ተጠራርቶ በደረጃውና በበሩ ይቆም ነበር። እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ወጡ፤ «መክፈል አንችልም፤ አንከፍልምም» አሉ። ቶሚ ሸሪደን የሚባል ጎልማሳ አንዱን ሐራጅ በማስተጓጎሉ ታሰረ፤ እስር ቤት ሳለም በ1984 ዓ.ም. የግላስጎው ሕዝብ የምክር ቤት አባል አድርጎ መረጠው።

በ1982 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ሕጉ በእንግሊዝና በዌልስ ሊጸና አንድ ቀን ሲቀረው፣ 200,000 የሚያህል ሕዝብ ከኬኒንግተን መናፈሻ ተነሥቶ ወደ ትራፋልጋር አደባባይ ሄደ። መጀመሪያ ላይ ጉዞው ሰላማዊ ነበር። ከቀትር በኋላ ግን ፖሊስና ሰልፈኛ ተጋጠሙ፤ ፈረሰኞች ወደ ሕዝቡ ገሠገሡ፤ ድንጋይ ተወረወረ፤ በአደባባዩ ዳር እሳት ተነሣ፤ የሱቅ መስተዋት ረገፈ። በዚያ ቀን 339 ሰዎች ተያዙ። ንብረት ያቃጠሉትን አላመሰግንም፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ሕዝብ ወንበዴ ያሉት ሹማምንት በድለውታል። አብዛኛው በሰላም ቆሞ አቤት ያለ ነበረና።

እንግሊዞች እንዲህ ያለ ግብር አዲስ አልነበረባቸውም። በ1373 ዓ.ም. በ14 ዓመቱ ንጉሥ በሪቻርድ ዘመን በየነፍሱ 12 ፔኒ ቢጣል ገበሬው በዋት ታይለር ተመርቶ ለንደን ገብቶ ነበር። ታይለር በስሚዝፊልድ ተገደለ፤ ስሙ ግን አልጠፋም፤ በ1982ቱም ሰልፍ ላይ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ያልከፈለው በሚሊዮን ተቆጠረ፤ ፍርድ ቤቶች በክስ ተጨናነቁ። ግብሩን ሽሽት ስሙን ከመራጮች መዝገብ ያስወጣም ነበረ፤ ድኻ ድምፁን በግብር ምክንያት ማጣቱ ከሁሉ የከፋው ጉዳት ነው። በ1983 ዓ.ም. ጥቅምት 22 ቀን የወይዘሮ ታቸር ምክትል ሰር ጄፍሪ ሃው ከእርሳቸው ጋር በአውሮፓ ጉዳይ ተጣልተው ሥልጣን ለቀቁ። የዚያው ፓርቲ እንደራሴ ማይክል ሄዝልታይን ለፓርቲው መሪነት ከወይዘሮ ታቸር ጋር ሊወዳደሩ ተነሡ፤ ግብሩንም እንደሚመረምሩ ተናገሩ። ኅዳር 11 ቀን ወይዘሮ ታቸር 204፣ ሄዝልታይን 152 ድምፅ አገኙ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯ በዚያው ዙር ለመጽናት 4 ድምፅ ጎደላቸው። በዚያ ምሽት ፓሪስ ነበሩ። ኅዳር 13 ቀን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ ኅዳር 19 ቀንም ከዳውኒንግ ጎዳና ወጡ። የጣላቸው ግብሩ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን የፓርቲያቸውን እንደራሴዎች ለወንበራቸው ያስፈራ እርሱ ነው።

ተተኪያቸው ጆን ሜጀር ግብሩን ሻሩ። በየሰው ላይ 140 ፓውንድ ለመቀነስ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ15 ወደ 17.5 በመቶ ከፍ አለ፤ ስለዚህ ድኻው በበር የቀረለትን በሱቅ ከፈለ። ከመጋቢት 23፣ 1985 ዓ.ም. ጀምሮ በቤት ዋጋ የሚቆረጥ ግብር ቆመ። የስኮትላንድ ፓርላማ የቀረውን የነፍስ ወከፍ ዕዳ ማስከፈል በ2007 ዓ.ም. በሕግ አቆመ። የእንግሊዝ ቤቶች ግን ዛሬም ግብር የሚከፈልባቸው በ1983 ዓ.ም. በነበራቸው ዋጋ ነው።